ክዳን የሌለው ሙዳይ

ተከታዮቿ «እጀ ወርቅ» ይሏታል። ለእናት በእጅ የሚሠራ ስጦታ በስልኳ ስታስተምር ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ወስፌ ግን ጨብጣ አታውቅም። የዘንድሮውንም ሙዳይ የገዛችው ከገበያ ነው።

«ክዳኑስ?» ብላ ነጋዴዋን ጠይቃ ነበር።

«ሰፊዋ አልጨረሱትም። አሮጊት ናቸው፣ ዓይናቸውም ደክሟል። የዛሬ ሳምንት ተመለሽ።»

ሳምንት ማን ይጠብቃል? የእናቶች ቀን ነገ ነው። ክዳን አልባ ሙዳይ ዘመናዊ ነው ብላ ለተከታዮቿ አስረዳች፤ ደህናውን ጣቷንም በፕላስተር ጠቀለለች።

በማግስቱ ከአምናው የእናቶች ቀን ወዲህ ደጃፉን ወዳልረገጠችው የእናቷ ቤት ሄደች። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁማ የቀጥታ ስርጭቱን ከፈተች።

«እማዬ፣ ሦስት ወር የለፋሁበት ነው። እስቲ ጣቴን እይው።»

እናትየዋ ሙዳዩን ተቀብለው አገላበጡት፤ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት። ልጅቱ እንባቸውን ስትጠብቅ፣ እሳቸው ብድግ ብለው ጓዳ ገቡ።

ሲመለሱ ወስፌው እንደተሰካበት፣ የመጨረሻው ዙር ግማሽ ላይ የቆመ ክዳን ይዘዋል። ሙዳዩ ላይ ሲያስቀምጡት ቀለሙም ልኩም ገጠመ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «እኔማ ዓይኔ እምቢ ብሎኝ ነበር የተውኩት። በይ እንግዲህ፣ ሰዎቹም እያዩሽ ነው፣ ጨርሽው።»