ያልቀመስሁት ጠላ

«ይሄ ምንድን ነው? የተቃጠለ የትራክተር ዘይት ነው እንዴ?» ይላል ባንተአምላክ፣ አንገቱን አስግጎ ጣሳው ውስጥ እያየ። ሠላሳዎቹ ባልደረቦቹ ይስቃሉ።

«ቅመሰው» እለዋለሁ። «ዘይት ሁኖ ከተገኘ ሹፌሬ ሽኩር ትራክተሩ ላይ ይሞላዋል።»

አሁን ሳቁ ወደ እኔ ወገን ይዞራል። ከጎጃም ሰሊጥ ሊያጭዱ የወረዱ ሰዎች ናቸው። ማጭዳቸውን በጆንያ ጠቅልለው ሸሕዲ አውቶቡስ ተራ ተቀምጠው ነው ያገኘኋቸው። አለቃቸው ባንተአምላክ ነው፤ እሱ ከተነሳ ሁሉም ይነሳሉ። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ እንግዳው የሚባለው ባለ ሰፊ እርሻ አይሱዙውን አስነስቶ «በግ አርድላችኋለሁ፣ ኑ ውጡ!» እያለ ይጣራል።

ኮኪት ያለው ሰሊጤ ቀን አይሰጥም። ፍሬው ከሥሩ ቢጫ ሁኗል፤ ሳምንት ካለፈው አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይዘረገፋል። አምና መንገድ ተዘግቶ አጫጅ ሳይመጣ ቀረና፣ እንደቆመ ሲረግፍ እያየሁ አለቀስሁ። ዘንድሮ አላለቅስም።

በግ የለኝም። ሁለት ጀሪካን ጠላ ግን አለኝ፤ በጠላ ደግሞ ከኮኪት እስከ አብርሃ ጅራ እበልጥሻለሁ የምትል ካለች ትምጣ። ማሽላውን ከሌላው ሰው ረዘም አድርጌ ነው የምቆላው። ሊያር ትንሽ ሲቀረው አወርደዋለሁ፤ ጥቁረቱ የመጣው ከዚያ ነው።

ባንተአምላክ ጣሳውን ወደ አፉ ያስጠጋና ይቆማል።

«እሜቴ፣ እርስዎ አልቀመሱም።»

ሳቁ ቀጥ ይላል። በእኛ ዘንድ ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ሳይቀምስ ከሰጠ ምን እንደጨመረበት ማን ያውቃል? በሰው አገር ላለ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ከኋላ አንዱ ጆንያውን አንስቶ አይሱዙውን ማየት ጀምሯል።

«እንግዲያው ሹፌሩ ይቅመስላቸው» ይላል ሌላው።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ» ይላል ሽኩር ከትራክተሩ ላይ። «በአፌ አይዞርም።»

አንድ ጉንጭ ብጎነጭ ነገሩ እዚሁ ያልቅ ነበር። ግን አላደርገውም።

«ስለት አለብኝ» እላለሁ። «ሰሊጤ ታጭዶ የመጨረሻው ነዶ እስኪታሰር ጠላ በአፌ ላይገባ ለቅዱስ ሚካኤል ተስያለሁ። ይሄን ጠላ ስጠነስሰውም አልቀመስሁት፣ ስቀዳውም አልቀመስሁት።»

«ታዲያ መጣፈጡን በምን አወቁ?»

«በአፍንጫየ ነዋ! ሠላሳ ዓመት ጠምቄያለሁ አንተየ። የጌሾው መብዛት፣ የብቅሉ ማነስ ከሽታው ይታወቀኛል።»

እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቻለሁ፤ ለጠላው ሳይሆን ለሰሊጤ።

ባንተአምላክ ትክ ብሎ ያየኛል። ከዚያ ጣሳውን መሬት ላይ ያስቀምጥና ጀሪካኑን ከእጄ ይቀበለኛል። ግራ መዳፉን ዘርግቶ ጠብ ያደርግበታል።

«በእርስዎ ቦታ እኔ እቀምሳለሁ» ይላል። «ስለት እኛም ቤት አለ።»

መዳፉን ይጠጣል። ቀጥሎ ጣሳውን አንስቶ በረጅሙ ይስባል። የገዛ ጠላዬን ጣዕም ከሰው አፍ ልሰማ ነው፤ አላስችል ይለኛል።

«እህስ? ምን ይላል?»

«ይቆዩኝ።» ጢሙ ላይ የቀረውን አረፋ በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። «ሲገባ ይመራል። የምድጃ ዳር ቆሎ፣ ያ ጠቆር ያለው፣ ልክ እሱን ይላል። ከዚያ መራራው ይለቅና ጣፈጥ ይላል። ወፈር ያለ ነው፤ ግን ጉሮሮ አይቧጥጥም።» ሌላ ይጎነጫል። «እኛ ለካ ማሽላውን ቶሎ እያወረድነው ነው የኖርነው።»

እኔስ ምን አልሁ! ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ጆንያውን ያነሳው ሰውየም መልሶ አስቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ከማዶ እንግዳው የአይሱዙውን ሞተር ያጠፋል።

«በዚህ ሙቀት ስንት ቀን ይቆያል?» ይላል ባንተአምላክ።

«ቢበዛ አምስት። ከዚያ ይኮመጥጣል።»

«ሰሊጡስ ስንት ሄክታር ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

ሰዎቹን አንድ ጊዜ በዓይኑ ይቃኛል። ከጆንያው ባዶ ሃይላንድ አውጥቶ ከጀሪካኑ ጠላ ይሞላበታል። ክዳኑን ገርበብ ብቻ ያደርገዋል፤ ጠላ መተንፈስ እንዳለበት ያውቃል ማለት ነው።

«ይሄ የእርስዎ ነው» ይላል። «በአራት ቀን እንጨርሳለን። ሳይኮመጥጥ ይቀምሱታል።»

ሠላሳው ሰው የትራክተሩ ተሳቢ ላይ ይወጣል። «ተማም፣ እንሂድ!» ይላል ሽኩር፤ ትራክተሩን ያስነሳል። ከጎኑ ተቀምጬ ወደኋላ እዞራለሁ። ባንተአምላክ ሃይላንዱን በጉልበቶቹ መካከል ይዞታል፤ መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር የጠርሙሱን አፍ በመዳፉ ይከድነዋል።