ሬይ ፔምብሩክ በአሮጌዋ ኮሮላ

«ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ አንዲት ነገር ብትስቱ ሌላ ሲዲ ታመጡልኛላችሁ» አሉ አቶ አባይነህ፣ ሳሎኑ መካከል ቀጥ ብለው ቆመው። «ሽፋኑ ሰማያዊ ነው። የቀኝ ማዕዘኑ ተሰንጥቋል። እንግሊዛዊው ጊታሩን አንግቶ ጀርባውን ሰጥቷል፤ ፊቱ አይታይም። ፊቱ የሚታይበት ሌላ አለ፤ እሱን አልፈልግም።»

«እሺ አባዬ፣ እንፈልጋለን» አለች ሮማነወርቅ። ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

ሲዲው ሬይ ፔምብሩክ የተባለው የሮክ ዘፋኝ ከጎረምሳነቱ እስከ ሽበቱ ድረስ አንድ በአንድ አውጥቶ ስም ያተረፈባቸው ዘፈኖች ስብስብ ነው። የገዛው ወንድሟ እንዳልክ ነበር። እንዳልክ በልጅነቱ ይህንኑ ሰው በካሴት ሲያደምጥ አባቱ «ይህን የድመት ጠብ ዝጋልኝ!» እያሉ ያስጠፉት ነበር። ዴንቨር ከመጡ ወዲህ ግን ልጃቸው በአሮጌዋ ኮሮላ እያንሸራሸረ ሲያሰማቸው ለመዱት፤ ለምደውም አልቀሩ፣ ወደዱት።

እንዳልክ ትራክ መንዳት ሲጀምር ኮሮላዋን ከነሲዲው፣ ዴንቨር ዳር ባለችው በኦሮራ ከተማ አባቱ በሚኖሩበት እህቱ ቤት ተወላቸው። ሲዲ የሚያጫውት ሌላ ነገር በቤቱ አልነበረም። አቶ አባይነህ ከሰዓት በኋላ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር በቆመችው መኪና ውስጥ፣ በተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያደምጣሉ። በሹፌሩ ወንበር ተቀምጠው አያውቁም። «ባለቤት ያለው ቦታ ነው» ይላሉ።

ሐሙስ ዕለት ሮማነወርቅ ሽንኩርት ስትከትፍ ስልክ ተደወለ። እንዳልክ ዋዮሚንግ ውስጥ፣ ትራኩን አቁሞ ባረፈበት ሞቶ ተገኝቷል። «የቱ እንዳልክ? የእኛ እንዳልክ?» ብላ ጮኸች፤ ወዲያው አፏን በፎጣ አፍና በተከፈተው መስኮት ወደ ውጭ አየች። ሬይ ፔምብሩክ ከዘፈኑ መካከል ተቋርጧል። አባቷ ራሳቸውን ወደ ኋላ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንቅልፍ ስለወሰዳቸው ፈጣሪዋን አመሰገነች።

የዚያኑ ዕለት ማታ አባቷ ሲዲው ጠፋ አሉ።

መርዶ እንደ ወሬ አይወረወርም። ወዳጅ ዘመድ ከቄስ ጋር ጎህ ሲቀድ ይሰበሰባል፤ ባለ ሐዘኑ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይነገረዋል። ቅዳሜ ማለዳ እንዲነገራቸው ተቆረጠ፤ ቀብሩ ሰኞ ነው። እስከዚያው ሐዘን ባለበት ቤት ዘፈን እንዳይሰማ ምን ብላ እንደምትከለክላቸው ስትጨነቅ፣ ሲዲው ራሱ ጠፋላት። ነገሩ እንዲህ መመቻቸቱ አላማራትም። ባሏን ጠረጠረች።

«በድሉ፣ እውነቱን ንገረኝ። አንተ ነህ የደበቅከው?»

«ማርያምን አልነካሁትም! ብደብቀውማ ጎሽ በይኝ ብዬ እነግርሽ ነበር።»

«ታዲያ እግር አውጥቶ ሄደ?»

በድሉ ነገሩን ለማብረድ ወደ አማቱ ቀረበ። «አባባ፣ አይቸገሩ፤ እኔ ኦርደር አደርግልዎታለሁ። ልክ እሱን የመሰለ ይመጣል።»

አቶ አባይነህ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። «የጠፋ ሁሉ በሌላ ይተካል ያለህ ማነው?»

በድሉ ጋራዡን ሊፈትሽ ሄደ።

ሽማግሌው ከሐሙስ ወዲህ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነው የሚውሉት። ኤሲው በረደኝ አሉ። ኤሲው ተዘጋ፤ የዴንቨር የሐምሌ ሙቀት ቤቱን ሞላው፤ ካፖርቱ ግን አልወለቀም። ኩሩ ሰው ናቸው፤ ያውልቁ ብሎ የሚደፍራቸው የለም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከሌክውድና ከቶርንተን የመጡ መኪኖች ደጁን ሞሉት። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ምንትዋብ ከፊት፣ ቄሱ ከኋላ ገቡ። አቶ አባይነህ ከነካፖርታቸው ቆመው ተቀበሏቸው። በዚህ ማለዳ ምን እግር ጣላችሁ አላሉም።

«እስቲ አረፍ ይበሉ፣ አቶ አባይነህ» አሉ ቄሱ።

«እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥም።»

ሁሉም ተቀመጡ። «ይኸው፣ ተቀመጥን» አሉ ቄሱ።

«ሲዲዬ ሳይገኝ አልቀመጥም። አባ፣ እርስዎም ልብ ብለው ይስሙኝ። ሽፋኑ ሰማያዊ ነው…»

ቄሱ ወደ ሮማነወርቅ ጎንበስ ብለው «ለቆመ ሰው አይነገርም፤ ይወድቅብናል» ሲሉ አንሾካሾኩ።

እናም ለልቅሶ የመጣው ሰው ሲዲ ፍለጋ ገባ። አንዱ ሶፋ ሥር ተንበረከከ፤ ሌላው የጫማ መደርደሪያውን አራገፈ። ወይዘሮ ምንትዋብ የኮሮላዋን ምንጣፍ ገልብጠው ሲመለሱ «በዚህ ዕድሜዬ እንግሊዝ ፍለጋ መኪና ሥር ልግባ? ጉድ እኮ ነው!» አሉ። ሳቃቸው ከመሐል ሲቃ ሆነ። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አቶ አባይነህ ቶሎ ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሮማነወርቅ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። «አባዬ፣ በእመቤታችን! አንዴ ብቻ ቁጭ ይበሉልኝ። የምንነግርዎት አለን። ከሰኞ በፊት መስማት አለብዎት።»

«ተነሺ፣ ልጄ። ሲዲው ሲገኝ ትነግሩኛላችሁ።»

ከእጇ ቀስ ብለው ወጡና በሩን ከፍተው ወደ ኮሮላዋ ሄዱ። ተከትሏቸው የሄደ አልነበረም። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው እስከ በሩ ሄደው ቆሙ። ሮማነወርቅ ግራ ገብቷት ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ተጠጋች።

አባቷ እንደ ወትሮው በተሳፋሪው ወንበር ተቀምጠው የካፖርታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈቱ። ከሥሩ ጥቁር ሸሚዝ ለብሰዋል። ከደረት ኪሳቸው ማዕዘኑ የተሰነጠቀውን ሰማያዊ ሲዲ አወጡና በሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ሐሙስ ዕለት ጩኸቷ በዚሁ መስኮት ደርሷቸዋል፤ የእንዳልክን ሞት ግን ከማንም አፍ አልተቀበሉም።