ለእታገኝ የተገዛ በግ

ዳናይት ከግቢው በር ወደ በጉ፣ ከበጉ ወደ በሩ ትመላለሳለች። ስልኳ በእጇ ላይ ጮኸ። «ሮማናት አደባባይ ደርሻለሁ፣ ባጃጅ ይዣለሁ» ይላል የእታገኝ መልእክት። አባቷ ኣፅብሃ ቢላውን በድንጋይ እየሳለ ያፏጫል። ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም።

ቢያፏጭስ ይፈረድበታል? በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሕጻን ሆኖ ከመጠለያ ተወስዶ፣ መቐለ በቄስ ቤት ብቻውን ያደገ ሰው ነው። ዘመድ የለኝም ብሎ ቁርጡን ካወቀ ቆይቷል። ምራቁን በብልቃጥ አስተፍታ ለዲኤንኤ ምርመራ ውጭ አገር የላከችው ዳናይት ናት። ከወራት በኋላ ውጤቱ ከአንድ የማያውቁት ወጣት ጋር ገጠመ። የወጣቱ እናት እታገኝ፣ ወልድያ የምትኖር የኣፅብሃ ታላቅ እህት ሆና ተገኘች።

ዳናይት ሁሉን ነግራዋለች፤ አንድ ነገር ብቻ አስቀርታለች። የወሎ ሰው ስም ሃይማኖቱን አይናገርም። እታገኝ ሲባል ኣፅብሃ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም ሴት አድርጎ አሰባት፤ ዳናይትም አላረመችውም። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስትል፣ ሳያማክራት ገበያ ወጥቶ ይህን በግ እየጎተተ መጣ።

አሁን በጉን ጥሎ በጉልበቱ ተጫነው። ሊያማትብ እጁን ወደ ግንባሩ ሲያነሳ ዳናይት ወደ እሱ ተጠጋች።

«አቦይ፣ ቆይ። አንተ ባርከህ ካረድከው አትበላውም።»

«ማን?»

«እታገኝ። ሙስሊም ናት።»

እጁ ግንባሩ ላይ ቀረ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ካገኘናት ጀምሮ። አትምጣ እንዳትል ፈርቼ ነው።»

«እናቴም?» አለ ቀስ ብሎ።

«እናትህም። አባትህም።»

አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ በሁለት ጣቱ ያዘው። ሊቆጣኝ ነው ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጣት በወደደች። እሱ ግን ቢላውን መሬት ላይ አስቀመጠና «ሐቢብን ጥሪው» አላት።

ሐቢብ አጥር የሚጋራቸው የወሎ ሰው ነው፣ ጨርቅ ነጋዴ። በነጠላ ጫማው እየተጣደፈ መጣ። በጉን አየ፣ ቢላውን አየ፣ ነገሩ አልገባውም።

«እኔ ካረድኩት አንቱ አይበሉትም እኮ፣ ጋሽ ኣፅብሃ።»

«ለእኔ ሽሮ አለ።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

ኣፅብሃ ወደ በሩ አየ።

«ለእህቴ» አለ። እስካሁን ለማንም ብሎት የማያውቀው ቃል ነው።

ሐቢብ ቢላውን አነሳ። የበጉን ፊት ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አዞረ። ኣፅብሃ ጎንበስ ብሎ እግሮቹን ጠፍንጎ ያዘለት። ይኼኔ ውጭ ባጃጅ ቆመ፤ በሩም ተንኳኳ።

ዳናይት በሩንና አባቷን አፈራርቃ አየች።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ጓለይ?» አለ አባቷ ቀና ሳይል። «ክፈቺላት እንጂ። በር ላይ አታቁሚያት።»

ማተቡ ከሸሚዙ ወጥቶ በበጉ ላይ ይወዛወዛል። ሁለቱም እጆቹ ተይዘው ነበርና አልመለሰውም።