ባዶ፣ ወደ ላይ

«አሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር፣ ሠላሳ አንድ ቁጥር፣ ባዶ፣ ወደ ላይ» አለ ሩዲ፣ የሬዲዮውን መነጋገሪያ አፉ ላይ ደቅኖ። ብሎም ደነገጠ። ሠላሳ አንድ ቁጥር የድሮው የማዕድን መኪናው መለያ ነበር፤ እሱ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ዛሬ የሚነዳው የገዛ ፒካፑን ነው፤ ከጎኑ የተቀመጠችውም ሚስቱ ቨርና ናት።

«ምነው?» አለችው።

«ምንም። ‹ፒካፕ› ማለት ነበረብኝ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

መንገዱ ከአንድ መኪና በላይ አያሳልፍም፤ በአንድ በኩል ገደል ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ሁሉ በየኪሎ ሜትሩ ያለበትን ይናገራል፤ ባዶው ዳር ይይዛል፣ የጫነው ያልፋል። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሩዲ ሁለቱም ደርሶበታል።

ቨርና ግን ደስ ብሏት ነበር። ሩዲ በዚህ መንገድ ማዕድን ሲያመላልስ ሦስት ሳምንት እዚህ፣ አንድ ሳምንት ፕሪንስ ጆርጅ ከተማ ቤቱ እያደረ ነው ጎልማሳነቱን የጨረሰው። «ተራራው አናት ላይ ያለውን ግግር በረዶ አሳየኝ» ባለችው ቁጥር «ጭጋግና ጭቃ ነው፤ ምን ይታያል ብለሽ? በቃ ለከርሞ» ይላታል። ለከርሞ፣ ለከርሞ ሲል ዓይኗ ቀደመው።

መጀመሪያ የሄደው የዓይኗ መሃል ነው። ቀጥ ብላ የምታየውን ሁሉ ግራጫ እድፍ ይሸፍነዋል፤ አንድ ነገር ለማየት እሱን ትታ ጎኑን ማየት አለባት። ሐኪሙ ዳሩም ይከተላል ብሏታል። ዛሬ ጠዋት እንኳ፣ ከታች ከተማው ዳር ካለው ወንዝ አንዲት ድብ ሳልሞን ዓሣ ስታጠምድ፣ ጎብኚው ሁሉ ወደ ውሃው ሲያይ ቨርና ዛፍ ላይ አፍጥጣ ቆማ ነበር። አንድ ጎረምሳ አዝኖላት «እትዬ፣ ድቧ እኮ እዚህ ናት» ቢላት፣ «አየኋት፤ ጭንቅላቱን በልታ ሌላውን ጣለችው» አለችው። ልጁ አፍሮ ሳቀ።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ሠላሳ አንድ ነው ያልከው? ሩዲ? አንተ ወስላታ፣ አለህ እንዴ? ጋርኔት ነኝ! ሃያ አምስተኛው ላይ ነኝ፣ ጭኛለሁ፣ ወደ ታች።»

ሩዲ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫነ። በዚህ ሬዲዮ ግን አንዱ ቁልፉን ይዞ ሲያወራ ሌላው ሊያቋርጠው አይችልም። ጋርኔት ደግሞ ቁልፉን የሚለቅ ሰው አልነበረም።

«ስማ፣ ተቀይሜሃለሁ። ኖሪን ሞታ ትቀራለህ? አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቤት አብራችሁ ኖራችሁ፣ ምሳህን ቋጥራ ስትሸኝህ፣ ሞተች ሲሉህ ድምፅህ ይጥፋ? ሾፌሩ ሁሉ ሥራ አቁሞ ነው የሸኛት። አመዷን አናቱ ላይ በተንነው፣ እሑድ እሑድ ይዘሃት የምትወጣበት፣ በረዶው ፊት ለፊት። ‹ሩዲ ይመጣል› እያለች ነው የሞተችው። ነውር ነው ወንድሜ፣ ነውር።»

ቁልፉ ተለቀቀ። ሩዲ መነጋገሪያውን እንደያዘ ቀረ። የኪሎ ሜትር ምልክት አለፉ፤ ያሉበትን በሬዲዮ አልተናገረም። ሌላም አለፉ።

«ስንተኛው ላይ ነን?» አለች ቨርና።

«ቨርና፣ እኔ...»

«ምልክቱን ማንበብ አልችልም። ጭነት የያዘ መኪና እየወረደብን ነው። ስንተኛው ላይ ነን?»

«አሥራ ስምንት።» ምልክቱን ቀና ብሎ አላየውም።

መነጋገሪያውን ከእጁ ወሰደችው። «አሥራ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር። ፒካፕ። ባዶ፣ ወደ ላይ። የሩዲ ሚስት ነኝ።»

መንገዱ ሁሉ ጸጥ አለ። ስንት ሾፌር እንደሚሰማ አታውቅም፤ ሁሉም ስለ ኖሪን ያውቅ እንደነበር ግን ያን ጊዜ ገባት። ቆይቶ የጋርኔት ድምፅ መጣ፤ አንሶ፣ ለስልሶ። «ይለፉ፣ እሜቴ። እኔ ዳር ይዤ እጠብቃለሁ።»

የጫነ ለባዶ ዳር ሲይዝ በዚያ መንገድ ታይቶ አይታወቅም። በአጠገቡ ሲያልፉ ቨርና ዓይኗን ከፊቷ ካለው መንገድ አላነሣችም። በዓይኗ ዳር ግን ሰውዬው ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ መያዙን አየች። ከስድብ የባሰ አቃጠላት።

በኖሪን አልተናደደችም፤ ከሞተ ሰው ጋር ምን ጠብ አለ። ያንገበገባት ሌላ ነው። ዓይኗ ደህና ሳለ፣ እሷን ጭጋግና ጭቃ ነው እያለ፣ እሑድ እሑድ ኖሪንን ይዞ መውጣቱ።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ሩዲ ሞተሩን አጠፋ። ወርደው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሙ። ነፋሱ ከበረዶው እየተነሣ ፊት ይገርፋል።

«ልንገርሽ» አለ ሩዲ።

«እዚያ ቁም።»

«የት?»

«ጀርባህን ለበረዶው ስጥ። ትንሽ ወደ ግራ። በቃ፣ እንዳትንቀሳቀስ።»

ከዚያ ትክ ብላ አየችው። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ አይታው አታውቅም። ሩዲ አልቻለም፤ እንባው መጣ። የዚህ አገር ክረምት ርዝመቱን፣ ለብቻ መብላት ምን እንደሚመስል፣ ኖሪን ክፉ ሴት እንዳልነበረች፣ ልነግርሽ ልነግርሽ ስል እያለ ይቀባጥር ጀመር። ቨርና ዓይኗን አልነቀለችም። ይቅር ብላኝ ይሆን እያለ ተስፋ ሁሉ አደረገ።

ለቨርና ግን ፊቱ የነበረበት ቦታ ላይ ግራጫው እድፍ አለ። በእድፉ ዙሪያ፣ ከግራ ትከሻው እስከ ቀኝ ትከሻው፣ ከዚያም እስከ ተራራው ጥግ ድረስ፣ ሰማያዊው በረዶ ተዘርግቷል። ጭጋግ የሚባል አልነበረበትም።