የላቪንግተኑ አስተርጓሚ

አቶ ሕዝቅያስ የሚያለቅስ ወታደር አይወዱም ነበር። ይህንንም አልሸሸጉም። ላቪንግተን ሰፈር በሚገኘው ክሊኒክ የቀድሞ ወታደሮች ተራ የሚጠብቁበትን አግዳሚ ወንበር «የአልቃሾች ድንኳን» ብለው የሰየሙት እርሳቸው ናቸው።

ክሊኒኩ ጦርነት አእምሯቸውን ያወከባቸውንና ጭንቅላታቸውን የጎዳባቸውን ሰዎች የሚያክመው ክኒንን ከንግግር ጋር አጣምሮ ነው። ክኒኑ ቅዠቱን ያበርዳል፤ ንግግሩ ሥሩን ይነቅላል። አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ሕክምና ነው ትላለች ሐኪሟ ዶክተር ዋንጂሩ። እንግሊዝኛ ለማያውቀው አበሻ የሚያስተረጉሙት አቶ ሕዝቅያስ ነበሩ። እንግሊዝኛቸው እንከን አልነበረውም፤ ሸሚዛቸውም እንዲሁ። ከስደት በፊት ምን እንደ ነበሩ ሲጠየቁ «የመንግሥት ሠራተኛ» ይሉና ወሬውን ይቆርጡታል።

ከሁሉ አብልጠው የሚንቁት ጓንጉልን ነበር። ጓንጉል በቀድሞው ሠራዊት ተራ ወታደር ሳለ የፈንጂ ፍንጣሪ ራስ ቅሉን የገመሰው፣ ዛሬ ካሳራኒ ሰፈር ውስጥ ሚስቱ አጸደ በርበሬ ሸጣ የምታኖረው ሰው ነው።

«መጣህ፣ ጀግናው?» ይሉታል በር ላይ። «ዛሬስ ጫማህን ግራና ቀኝ ለይተህ አደረግህ?»

ጓንጉል ከአግዳሚው ብድግ ይላል። እርሳቸው ሳይቀመጡም አይቀመጥም።

በክሊኒኩ ደንብ ዘመድ አያስተረጉምም፤ ስለዚህ አጸደ ውጭ ትቀራለች። አስተርጓሚውም በሙያው ወግ «እንዲህ ይላል» አይልም፤ በተናጋሪው አንደበት «እኔ» እያለ ይናገራል። ጓንጉል ጉልበቱን እያየ ጥቂት ያጉተመትማል። ከዚያ በኋላ ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ድምፅ አያሰማም። አቶ ሕዝቅያስ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ዐይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ ይጀምራሉ።

«ድልድዩ እንዲፈርስ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ማዶ የቀሩ ልጆች ነበሩ። የሁሉንም ስም አውቃለሁ። ዐይኔን በከደንሁ ቁጥር ከወንዙ ወጥተው በተራ ይሰለፉልኛል።»

ሐኪሟ ብዕሯን አሳረፈች።

«ይህን ሁሉ ነው የተናገረው? በአንድ ትንፋሽ?»

«አማርኛ ቁጥብ ቋንቋ ነው፣ ዶክተር። ቁጥብ ያልሆነው ይህ ሰው ነው። በእኔ ቢሆን ክኒን ሳይሆን አካፋ ነበር የማዝለት።»

ሐኪሟ ግን ክኒኑን ጨመረች። በሚቀጥለው ወርም ቅዠቱ አልቀነሰም ተባለ፤ እንደገና ጨመረች።

በስምንተኛው ወር አጸደ ሐኪሟን ኮሪደሩ ላይ ያዘቻት። ስዋሂሊዋ የገበያ ነው፤ ያን ዕለት ግን አልተደናቀፈችም።

«ዳክታሪ፣ ባሌን ከነነፍሱ ልትቀብሪብኝ ነው። ትናንት ከደረጃ ወደቀ። ከትናንት ወዲያ የገዛ ቤቱ በር ጠፍቶት የጎረቤት በር ሲቆረቁር አገኘሁት። ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ነው።»

«ቅዠቱስ?»

«የምን ቅዠት? ሃያ ዓመት አብሬው ስተኛ አንድ ቀን ባንኖ አያውቅም! ራሱን ያመዋል፣ ይረሳል፤ በሽታው ይኸው ነው።»

«ታዲያ ክኒኑን ለምን ይውጣል?»

«ተው ስለው ‹ግዳጅ ነው› ይለኛል። ያ አስተርጓሚ ሰውዬ ነው፣ ዳክታሪ። ይጠላዋል። ባሌ እሱን ሲያይ እንደ ግንድ ተገትሮ ይቀራል። ምን ቢያደርገው ነው?»

ነገሩ ለሐኪሟ ተገለጠላት። አስተርጓሚው የናቀውን ሰው በፈጠራ ወሬ እብድ እያስመሰለ በእርሷ እጅ ያደነዝዘዋል። የተጎዳ ጭንቅላት ያን ያህል መድኃኒት አይሸከምም፤ አንድ ወር ከቀጠለ ጓንጉል ወድቆ ላይነሣ ይችላል።

በማግስቱ አቶ ሕዝቅያስን አስጠራቻቸው። እንደ ልማዳቸው ዐይናቸው ደም ለብሷል።

«ጓንጉል ቅዠት የለበትም ይባላል» አለች።

«ሚስት ናት ያለችው? ሚስት ምን ታውቃለች!»

«ንግግሩን ላቋርጠው ነው።»

«አያቋርጡት!»

ከአፋቸው የወጣው ድምፅ ራሳቸውንም አስደነገጣቸው። ኮሌታቸውን አስተካከሉ።

«ገና አልጨረሰም ለማለት ነው። እንዲህ ያለ ልፍስፍስ ጀምሮ መተው ልማዱ ነው፤ አያበረታቱት።»

ሐኪሟ ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለጋትም። ንግግሮቹ ሁሉ በጓንጉል ፈቃድ ተቀርጸዋል። ቅጂዎቹን ሁለቱንም ሰዎች ለማታውቅ የሺወርቅ ለምትባል የኢምባካሲ ሰፈር አስተርጓሚ ላከችና በሽተኛው በገዛ አፉ የተናገረውን ብቻ እንድትጽፍላት አዘዘች። ምላሹን ስትጠብቅ የስንብቱን ደብዳቤ ጻፈች። ለፖሊስ የሚሄደውንም ማመልከቻ ጻፈች፤ በውስጡም «ጨካኝ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ምላሹ በሦስተኛው ቀን መጣ። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም።

«ሠላሳ አንዱንም ቀጠሮ አዳምጫለሁ» ይላል ማስታወሻው። «በሽተኛው በየቀጠሮው መጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ሁልጊዜ ያው ስለሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፌዋለሁ።»

ከሥሩም እንዲህ ይነበባል፦

«ጓድ ሻምበል፣ ዛሬም እርስዎ ይንገሯት፤ ክኒኑን እኔ እውጥልዎታለሁ።»