በአንድ ጀሪካን የታጠበው ቢጫ ፀጉር

«ወይ ፀጉርሽን ታጠቢ፣ ወይ ሥራዬን ልቀቂ!»

የሚጮኸው ጋሽ ፈቃደ ነው፣ የሆቴሉ ባለቤት... እኛ ያለነው ኬንያ ሞያሌ፣ ድምፁ ግን ያለ ፓስፖርት ኢትዮጵያ ሞያሌ ገብቷል።

አስተናጋጇ ሮዳስ የሻይ ትሪ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ፀጉሯ ቢጫ ነው... ፀሐይ ራሷ አይታው «ምነው እንጀራዬን ቀማሽኝ?» የምትለው ዓይነት ቢጫ!

ከናይሮቢ በአውቶቡስ የሚመጣ ስፕሬይ ነው። ጠዋት ትነፋዋለች፣ ሲታጠብ ይለቃል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ፀጉሯ እንደ ድሮው ጥቁር ነው።

«ጋሼ፣ የሚለቅ ቀለም እኮ ነው...»

«ከለቀቀ ይልቀቃ! ይሄ ሆቴል ነው፣ ሰርከስ አይደለም!»

ጥግ ላይ ሚራ የሚባለውን የኬንያ ጫት የሚቅመው ደንበኛ ታዲቻ «ተዋት ጋሽ ፈቃደ፣ መብራት ሲጠፋ ትጠቅመናለች!» አለ።

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ! ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያላነሳት የለም...

አሁን ልብ በሉልኝ!

ይሄ ሰውዬ የራሱ ፂም ብርቱካን ነው! ሸበትኩ ብሎ፣ ጎረቤት ሽማግሌዎችን አይቶ፣ በየሳምንቱ ሂና ይለቀለቃል... የጎልቦ ቆላ ግመሎች እሳት መስሏቸው ይደነብራሉ!

ስለ እሱ ፂም ግን ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። አንድም!

ሮዳስ ምክንያት ነበራት... ግን ትሪውን አስቀምጣ ወደ በረንዳው ወጣች።

ጋሽ ፈቃደ፣ ለእጅ መታጠቢያ ውሃ በጠብታ የሚያድለው ሰው፣ በዚያ ድርቅ ሙሉ ጀሪካን አስመጣ!

ለደንበኛ እጅ የጠፋ ውሃ፣ ሰው ለማዋረድ ሲሆን ከየት መጣ?!

በረንዳው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አጎንብሳ ታጠበች። ቢጫው ከእንባዋ ጋር ወረደ...

«አሁን ሰው መሰልሽ!» አላትና ጓዳ ገብታ ሳህን እንድታጥብ ላካት።

እሱ ግን ገና ሂና የጠጣ ፂሙን እያበጠረ፣ አስፋልቱ ዳር ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ተንሰራፋ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ...

ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከገበያው በኩል፣ በርበሬ የምትሸጠው እትዬ ጽጌ ብቅ አለች። የሮዳስ እናት ናት። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ልጇ ጋ ነው ምሳ የምትበላው።

ሌላ ቀን መንገዱ ረጭ እስኪል ጠብቃ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ትመጣለች። ዛሬ ግን ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ወዲያ ወዲህ አለች...

ድንገት ፊቷ በራ። ሰተት ብላ አስፋልቱ መሃል ገባች!

«ማማ! ማማ!» እያለ ባለ ቦዳቦዳው ሂካ የታክሲ ሞተሩን ሲያጥፍ ቦይ ውስጥ ተገኘ። ሚራ የጫነ ላንድክሩዘር ፍሬን ሲይዝ ጩኸቱ እስከ ሶሎሎ ከተማ ተሰማ... የነጠላዋን ጫፍ ነክቶ ቆመ!

እሷ እቴ! ቀጥ ብላ መጥታ... የጋሽ ፈቃደን ፂም በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው!

«ሮዲዬ... ምነው ፀጉርሽ ሻከረ? ማነው ደግሞ እንዲህ የቆረጠሽ?»

ታዲቻ ሊስቅ አፉን ከፈተ... ሳቁ አልወጣ አለ።

«እትዬ ጽጌ... እኔ... ፈቃደ ነኝ።»

እጇ ፂሙ ላይ ደረቀ።

«ልጄስ? ቢጫዋ ልጄ የታለች?»

ሮዳስ የፍሬኑን ጩኸት ሰምታ፣ እጇ ሳሙና እንደሆነ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች። «እማ! እዚህ ነኝ! አሳጥበውኝ ነው እማ!»

ያን ጊዜ ነው ሁሉም የተዘረገፈው...

የእናቷን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ደማቅ ቀለም እንጂ የሰው መልክ አይታያትም። ሶሎሎ ሆስፒታል ሄዳ ለመታከም ተራ እየጠበቀች ነው።

«አላይም ካልኩ በርበሬዬን ማን ይገዛኛል? ጠጠር አለው ይሉኛል!» ብላ ለማንም እንዳትናገር ልጇን አስምላታለች። እጅሽን ይዤ ልምራሽ ስትላት ደግሞ «ፍየል ነኝ እንዴ የምትጎትቺኝ?» ትላለች።

ሮዳስ መጀመሪያ ቢጫ ሻሽ አስራ በሩ ላይ ቆማላት ነበር።

ግን ሞያሌ ላይ ደማቅ ሻሽ ያላሰረች ሴት ማን አለች? እናት የሌላዋን ሻሽ ተከትላ ወደ ዋልዳ የሚሄድ መኪና ላይ ተሳፍራ ተገኘች!

ቢጫ ፀጉር ግን በከተማው አንድ ብቻ ነበር...

እሱን ነው በጀሪካን ያጠቡት!

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ጋሽ ፈቃደ፣ ድምፁ ለራሱም ሳይሰማ።

«ጠየቁኝ እንዴ ጋሼ?»

በማግስቱ ጋሽ ፈቃደ የናይሮቢውን አውቶቡስ ራሱ ቆሞ ጠብቆ፣ ስፕሬዩን ኮቱ ስር እንደ ኮንትሮባንድ ደብቆ አመጣላት። እትዬ ጽጌ እስክትታከም ድረስም ምሳ ሰዓት ላይ ሮዳስን ከበሩ የሚያንቀሳቅስ ደንበኛ ጉድ ፈላበት!

ከዚያ ተራዋ ደረሰ... ሶሎሎ ሄደች... ዓይኗ በራ!

በተመለሰች ቀን አስፋልቱን ግራ ቀኝ አይታ ለብቻዋ ተሻገረች። ጥቁር ፀጉሯን ለቃ በሩ ላይ የቆመችውን ልጇን አገላብጣ ሳመች።

ከዚያ ዞር ብላ የጋሽ ፈቃደን ፂም አየችው... አየችው...

«ይሄን ነው እንዴ ልጄ ብዬ የሳምኩት?! ስማ ፈቃደ... ወይ ታጠበው፣ ወይ ሌላ ቤት ልብላ!»

ታዲቻ ብድግ ብሎ ጓዳ ገባ... ጀሪካኑን ይዞ ወጣ!

ትምህርቱ አጭር ነው ወዳጆቼ። ሰው ላይ ከመጮህ በፊት «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ውሃም አይጨርስ፣ ጉሮሮም አያደርቅ!

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው... የጋሽ ፈቃደን ብርቱካን ፂም ዓመት ሙሉ ያየ ሰው፣ የሮዳስን ቢጫ ፀጉር ጥቂት ሳምንት ማየት ለምን አቃተው?

እናንተ በረንዳው ላይ ብትኖሩ ኖሮስ... ስልክ ታወጡ ነበር ወይስ ጀሪካኑን ትደፉት ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ!