ደርቆ የወጣው ጠርሙስ

ጠርሙሱ ደርቆ ወጣ። ለኮሌራ ምርመራ ፍሳሽ ልትቀዳ የመጣችው የጤና ሠራተኛ ገመዱን አስረዝማ ደግማ ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ ሰደደችው፤ አሁንም ባዶውን ተመለሰ። የዳገቱ ሰፈር ሁሉ ሽንት ቤቱን የሚለቅበት ቱቦ በጠዋት እንዲህ ሊደርቅ አይችልም። ቀና ብትል ሰዉ በየደጃፉ ቆሞ ያያታል።

"ኮሌራው ጠፋ ማለት ነዋ፣ ልጄ" አሉ አሮጊቷ ዶኛ ኤሊዳ፣ ቶርቲያ የሚሉት የበቆሎ ቂጣ ሊጥ የነካው እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ።

"ሽንት ቤት መጠቀም ትታችኋል እንዴ?"

"ባለፈው ስትቀጂ፣ ፍሳሹ የማንንም ስም አይናገርም ብለሽን ነበር። በሳምንቱ ወታደር መጥቶ መንገዳችንን ዘጋው። ይኸው እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ቶርቲያችንን የሚነካው የለም። ማን ነገረብን?"

አንዲት ወጣት እናት ክዳን ያለው ባልዲ ይዛ ወጣች፤ አንገቷን ደፍታ አለፈቻቸውና ገደሉ አፋፍ ላይ ደፋችው። የተደፋው እንደ ሩዝ ቅቅል ውሃ የነጣ፣ ሠራተኛዋ በደንብ የምታውቀው የኮሌራ ተቅማጥ ነበር። የተደፋውን በዓይኗ ወደ ታች ተከተለችው። ገደሉ ሥር የታችኛው ሰፈር ሴቶች ምንጩን ከበው በጀሪካን ይቀዳሉ።

"ዶኛ ኤሊዳ፣ ታች ሰው ይጠጣል እኮ።"

"እናውቃለን።"

ሠራተኛዋ ወደ አፋፉ ሮጣ ለመጣራት እጆቿን አፏ ላይ ገጠመች።

"ተጣሪ" አሉ አሮጊቷ ከኋላዋ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "በሽታው ከየት መጣብን ሲሉሽስ ምን ልትያቸው ነው?"

እጆቿ አፏ ላይ እንደተገጠሙ ቀሩ። ታች አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ በእፍኟ ጠጣች።